መምህር ከማን መካከል ይመረጣል?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ሌሊት ተፈታኝ ባለበት ቤት እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ጥቂት ነው። ተፈታኙ ስልኩን ይዞ መለያ ቁጥሩን ደጋግሞ ያስገባል፤ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፤ ወላጅ ከአጠገቡ ሆኖ ፊቱን ያያል። ወዲያው የትምህርት ሚኒስትሩ መግለጫ ይሰጣሉ፤ የሚጠሯቸው አኃዞችም ለሳምንታት መነጋገሪያ ይሆናሉ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲነገር ከ896 ሺህ በላይ ከሆኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. 27,267፣ በ2016 ዓ.ም. 36,409፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929 ተማሪዎች ማለፊያውን ነጥብ አግኝተዋል። የመጨረሻው 8.4 ከመቶ ስለሆነ መሻሻል መኖሩ አይካድም። ሆኖም በዚያው ዓመት 1,249 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ውጤቱ በተነገረ ቁጥር ክርክሩ በተማሪው ስንፍና፣ በኩረጃ፣ በፈተናው ክብደት ወይም በመጽሐፍ እጥረት ዙሪያ ይሽከረከራል። ከእነዚህ አኃዞች ጋር አብሮ ሊነበብ የሚገባው ሌላ አኃዝ ግን አለ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከ700 ሺህ በላይ አባላት አሉት። ከእነዚህ መካከል በጡረታ፣ በሞት፣ በሕመምና ሥራ በመልቀቅ በዓመት የሚጎድሉት 4 ከመቶ ብቻ ናቸው ብለን ብንገምት እንኳ፣ አንድም ሰው ሳይጨመር ያለውን ለመተካት ብቻ በየዓመቱ 28 ሺህ አዲስ መምህራን ያስፈልጋሉ። በ2017 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ማለፊያውን ያገኙት ተማሪዎች በሙሉ 49 ሺህ አይሞሉም። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ ዳኛው፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ተመራማሪው ሁሉ በቅድሚያ የሚፈለገው ከእነዚሁ ነው። መምህሩም ከእነዚሁ ይውጣ ከተባለ ከግማሽ የሚበልጡትን ትምህርት ቤቶች ብቻቸውን ሊወስዷቸው ነው። ይህ እንደማይሆን ግልጽ ነው። ታዲያ መምህሩ የሚመጣው ከየት ነው?

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጠው መልስ ይነሣል። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ዋና ችግር የመምህር ቁጥር ማነስ ነው ብሎ ማሰብ ለረጅም ጊዜ አሳስቶናል። ቁጥሩ በብዙ ጥረትና ወጪ አድጓል። የተበላሸው መምህር የሚመለመልበት መንገድ ነው። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ግድም መምህርነት ወደ ሌላ ቦታ የሚያስገባ ነጥብ ያላገኘ ወጣት የሚመደብበት ሙያ ሆኖ ቆይቷል። ጥፋቱ የተመደበው ወጣት አይደለም፤ ብዙዎቹ በትንሽ ደመወዝ፣ በሩቅ ገጠር፣ 70 እና 80 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው። ጥፋቱ የሥርዓቱ ነው፤ ስለዚህ መታረም ያለበትም እሱ ነው።

ሳያስመሰክሩ ማስተማር አልነበረም

መምህርን መርጦና መዝኖ መሾም ለዚህ አገር እንግዳ አሠራር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ደቀ መዝሙሩ ንባብና ዳዊት ከጨረሰ በኋላ ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋም፣ ትርጓሜ እያለ ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው እየተሻገረ ዓመታት ያሳልፋል። ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመባል ጋይንት ወደምትገኘው ቤተ ልሔም ሄዶ ማስመስከር ይጠበቅበታል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም ዙር አምባ ይወርዳል። ምስክር ቤቱ የሚመዝነው የሚያውቀውን ነው፤ ያልበቃ እንደገና ይቀጽላል። በወሎም በዳናና በሌሎች የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ደረሳው ከሸኹ ኢጃዛ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ፣ ሳያገኝ ኪታብ አያስቀራም። በሁለቱም ወገን አስተማሪ የሚሆነው ከተማሪዎቹ መካከል የላቀው ነበር። መንደሩ ድኻ፣ ጎጆው ጠባብ፣ ተማሪው ቁራሽ ለማኝ ቢሆንም፣ ማን ያስተምር የሚለው ጥያቄ ግን ለአጋጣሚ አይተውም ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ሲገባ መንግሥት መምህር አልነበረውም። አፄ ምኒልክ በስማቸው የተሰየመውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መምህራኑን ያስመጡት ከግብጽ ኮፕቶች መካከል ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት በእንግሊዛውያን፣ በካናዳውያንና በሕንዳውያን ትከሻ ላይ ቆሙ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች አዲስ አበባ ደረሱ፤ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሲበተኑም በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበረውን የመምህር ቁጥር እጥፍ ገደማ እንዳደረሱት ይነገራል። በጥቂት መቶ ሰዎች መምጣት እንዲህ የሚለወጥ ሥርዓት ምን ያህል ጠባብ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ከዚያ በኋላ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ የአገሪቱን የራሷን ተማሪዎች በመምህርነት ወደ ክፍል አስገባ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግላል፤ አብዛኛው የሚላከው ለማስተማር ነበር። በዚያ ዘመን በየአውራጃው ከተማ መምህሩ ሱፍ ለብሶ ሲያልፍ ሽማግሌ ከመቀመጫው የሚነሣለት ሰው ሆነ። የመምህራኑ ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆም አገሪቱ በሙሉ የሰማችው አንድም ከዚህ ክብደቱ የተነሣ ነው።

ያ ሥርዓት ፍትሐዊ ነበር ለማለት አይደለም። ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ እጅግ ጥቂት፣ የገጠሩ ሕፃን ከነጭራሹ የተረሳ ነበር። ጥቂቶችን በጥሩ መምህር ማስተማር ቀላል ነው፤ ከባዱ ፈተና የመጣው ለሁሉም እናዳርስ ሲባል ነው።

ክፍሎቹ እንዴት ሞሉ?

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ በመጀመሪያ ደረጃ የሚማሩት ልጆች 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ቁጥሩ 20 ሚሊዮን ተጠጋ። በታሪካችን ከተሠሩት ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ወላጅ እንጨትና ጉልበት አዋጥቶ የጭቃ ክፍል አቆመ፤ እረኛው ልጅ ደብተር ያዘ፤ ሴት ልጆች በብዛት ወደ ትምህርት ቤት ገቡ። ክፍሉ ሲሠራ ግን በውስጡ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፤ ያም በፍጥነት ያስፈልጋል። የተመረጠው መንገድ ይህ ነበር፦ በ10ኛ ክፍል ፈተና የተሻለ ነጥብ ያገኘው መሰናዶ ይገባል፤ ከእሱ ዝቅ ያለው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ይላካል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የሚያስተምረው በ10+1፣ ማለትም በአንድ ዓመት ሥልጠና ሰርተፊኬት ይዞ ይወጣል፤ ከ5ኛ እስከ 8ኛ የሚያስተምረው ደግሞ በ10+3 ዲፕሎማ ይይዛል። በኋላ ሰርተፊኬቱ ቀርቶ ዲፕሎማ ለሁሉም መነሻ ተደረገ። የሥልጠናው ዘመን ረዘመ፤ ወደ ኮሌጁ የሚገባው ወጣት ግን ያው መሰናዶ ያላለፈው ነበር።

የዚህን ውሳኔ ውጤት ለማየት አንድን ልጅ በሐሳብ መከተል ይበቃል። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያን ጊዜ 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይደግም ቢዘልቅ በ2010 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል ይደርሳል። ንባብ ላይ የተጎዳ መሠረት ይዞ ዘልቋልና ነጥቡ ለመሰናዶ አይበቃም፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይቀበለዋል። ሦስት ዓመት ሠልጥኖ ሲወጣ የሚመደበው የት ነው? 2ኛ ክፍል። ማንበብ በቅጡ ያልተማረው ልጅ ማንበብ እንዲያስተምር ይጠየቃል። ከዚያም የእሱ ተማሪዎች 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ውጤታቸው ለምን ዝቅ አለ እያልን እንገረማለን። የዓለም ባንክ ከኢትዮጵያ የ10 ዓመት ልጆች 90 ከመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ሲገምት የሚናገረው ስለዚሁ አዙሪት ነው።

በሁለተኛ ደረጃም መንገዱ የተለየ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት የብቁ መምህር እጥረትን በፕላዝማ ቴሌቪዥን ለመሙላት ሞከረ። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስክሪን በእንግሊዝኛ ፈጥኖ ያስተምራል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ተማሪው መልስ ሳያገኝ ራሱ መልሶ ያልፋል፤ የክፍሉ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። መብራት የጠፋ ቀን ትምህርቱ ይጠፋል። ያ ሙከራ በብዙ ትምህርት ቤቶች የተሰባበረ ስክሪንና የደከመ መምህር ትቶ አለፈ። ቀጥሎ የመጣው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ነው። ወጣቱ በሒሳብ ወይም በኬሚስትሪ ዲግሪ ከያዘ በኋላ ለአንድ ዓመት የማስተማር ዘዴ ይማራል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ የትምህርት ዓይነት ዕውቀትን ለማጠንከር የታለመ ነው። ነገር ግን 70 ከመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር በተደነገገበት ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን ሁሉ የሚቀጥር ፋብሪካና ላቦራቶሪ ስላልነበረ፣ ወደ መርሐ ግብሩ የገባው በአብዛኛው ሌላ ሥራ ያጣ ምሩቅ ሆነ። ሌላ ቅጥር ሲገኝም ጥሎ ይሄዳል። በታችኛው ደረጃ ነጥብ ያላመጣው፣ በላይኛው ደረጃ ሥራ ያጣው፤ ሁለቱም የተሰበሰቡት ወደ አንድ ሙያ ነው።

አማካዩ የሚደብቀው

ለዚህ ሁሉ በሪፖርት የምናገኘው መልስ የመምህር–ተማሪ ጥምርታ ነው። መመዘኛው በመጀመሪያ ደረጃ ለአንድ መምህር 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጥምርታው በመጀመሪያ ደረጃ ከ60 በላይ ነበር፤ ዛሬ በአገር አቀፍ አማካይ ከ50 በታች ወርዷል። በወረቀት ላይ ግቡ ተመትቷል። ይሁን እንጂ መስከረም ላይ በማንኛውም ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚታየው ሥራ ስለ አማካይ ሌላ ነገር ይናገራል። ርእሰ መምህራን ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ የፊዚክስ መምህሬ ተዛወረ ይላል፤ ሌላው የሒሳብ መምህሯ ወሊድ ላይ ናት፣ ተተኪ የለኝም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የታሪክ መምህር ሦስት አለኝ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ አልሞላላቸውም ይላል። በጥምርታው ስሌት ሦስቱም ትምህርት ቤቶች እኩል ናቸው። ተማሪው ዘንድ ግን በአንዱ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚባል ትምህርት የለም፤ ወይም የስፖርት መምህሩ መጽሐፉን ያነብለታል።

አማካዩ የሚደብቀው የትምህርት ዓይነቱን ብቻ አይደለም። የከተማውን መጨናነቅና የቆላውን ባዶነት አንድ ላይ ያደባልቃል። በየዓመቱ በዝውውር ሰሞን ከሩቅ ወረዳ ወደ ከተማ የሚቀርበው ማመልከቻ ከቦታው ብዛት ይበልጣል፤ ልምድ ያካበተው ይወጣል፣ ጀማሪው ይተካዋል፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚቸገረው ልጅ ሁልጊዜ ከሁሉ አዲስ የሆነውን መምህር ያገኛል። ቋንቋም አለ፤ በደርዘን በሚቆጠሩ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ሲሰጥ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ መምህር ይፈለጋል፤ አንዱ ዞን የተረፈውን ለሌላው ማበደር አይችልም። ሴቶች በሁለተኛ ደረጃ ከአምስት መምህራን አንዷ ገደማ ብቻ ናቸው፤ በዚህ የተነሣ የገጠሯ ልጅ ሳይንስ የምታስተምር ሴት ሳታይ 12ኛ ክፍል ትጨርሳለች። ከ1ኛ ክፍል በፊት የሚሰጠው ኦ ክፍል ሲስፋፋ ደግሞ ልዩ ሥልጠና የሚጠይቀው የሕፃናት ትምህርት ብዙ ቦታ ላይ ለዚያ ላልሠለጠነ ሰው ተሰጠ።

የምልመላው ሥራ ራሱ ባለቤት የለውም። ደረጃውን የሚያወጣው የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንን የሚያሠለጥኑት ክልሎች በኮሌጆቻቸው ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃውን ዩኒቨርሲቲዎች ያሠለጥናሉ፤ ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳው ነው። ኮሌጁ ስንት የባዮሎጂ ሰልጣኝ እንደሚቀበል ሲወስን በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት የባዮሎጂ መምህር ጡረታ እንደሚወጣ አይጠየቅም። ወረዳውም በጀቱ ከፈቀደ የመጣለትን ይቀጥራል፤ ካልፈቀደ ምሩቁ ዲፕሎማውን ይዞ ቤት ይቀመጣል። የሒሳብ መምህር በጠፋበት አገር ሥራ ያጣ የመምህርነት ምሩቅ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

የደመወዝ ቀን

ጎበዝ ተማሪ መምህርነትን የማይመርጥበት ምክንያት ስንፍናው ወይም አገር አለመውደዱ አይደለም፤ አስቦ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ፤ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ግን ወደ ላይ ሄደ። መንግሥት ደመወዝ ማስተካከሉ እውነት ነው፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ሠራተኞች ስኬል የዲግሪ ጀማሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ተገቢ ነው፤ የጠፋውን የመግዛት አቅም መልሶ ለመያዝ የተደረገ ሩጫ እንጂ መምህርነትን ከሌላው ሥራ የሚያስበልጥ ማበረታቻ ግን አይደለም። ስኬሉ ለሁሉም ሠራተኛ ነውና ጎበዙን ወጣት ወደ ክፍል የሚስብ የተለየ ነገር አልያዘም።

ከመጠኑ ይልቅ የሚያሸሸው ደግሞ ደመወዙ በወቅቱ አለመድረሱ ነው። ባለፉት ዓመታት በወላይታ፣ በሐዲያና በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ደመወዛቸው ለወራት የዘገየባቸው ወይም ተቆርጦ የደረሳቸው መምህራን ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል። በትግራይ በጦርነቱ ዘመን ያልተከፈለው የ17 ወር ደመወዝ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም የመምህራኑ ቁስል ሆኖ ቆየ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በቀጠለው ግጭት ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል፤ መምህራኑም በሁለት ወገን ጥርጣሬ መካከል ቆመዋል። አንድ የ18 ዓመት ወጣት ይህን ሁሉ ያያል። ያስተማረው መምህር ወር ሲደርስ ከሱቅ በዱቤ ሲወስድ አይቷል። ያንን መምህር ሊያከብረው ይችላል፤ እንደ እሱ ልሁን ግን አይልም።

የሚነሡት መከራከሪያዎች

የመጀመሪያው መከራከሪያ ከድኻ አገር እውነታ የሚነሣ ነው። ደካማም ቢሆን መምህር ያለው ክፍል መምህር ከሌለው ይሻላል፤ መመዘኛውን ከፍ ካደረጋችሁ ክፍሎች ባዶ ይቀራሉ ይላል። በ1990ዎቹ ይህ ክርክር ኃይል ነበረው፤ እኔም ያን ጊዜ የተወሰነውን በዛሬ ዓይን ለመኮነን አልፈልግም። ግን ለጊዜው ተብሎ የተወሰደው እርምጃ ቋሚ ሥርዓት ሆነ። 20 ሚሊዮን ልጅ ከገባ በኋላም የመግቢያው ነጥብ ከፍ አላለም። ደግሞም ደካማ መምህር የሚያስከፍለው ዋጋ የለም ማለት ስሕተት ነው፤ አንድ መምህር በ30 ዓመት አገልግሎቱ ከአንድ ሺህ በላይ ልጆች በእጁ ያልፋሉ። በአንድ ዓመት ችኮላ የተቀጠረ ሰው ውጤቱ ለአንድ ትውልድ ይዘልቃል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከመምህራኑ ከራሳቸው ይመጣል፤ ነጥብ መምህር አያደርግም ይላሉ። ልክ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሊቅ ለ1ኛ ክፍል አይሆንም፤ መካከለኛ ነጥብ ይዘው ድንቅ መምህር የሆኑም ብዙ ናቸው። ነገር ግን የማያውቁትን ማስተማር አይቻልም። የዕውቀት መነሻ ወለል መኖር አለበት፤ ከወለሉ በላይ ደግሞ ፍላጎት፣ አንደበትና ልጅ መውደድ በቃለ መጠይቅና በተግባር ልምምድ ይመዘኑ። አሁን ያለው አሠራር ሁለቱንም አይመዝንም፤ የመምህርነት ፍላጎት የሌለውንም ወጣት ሌላ ምርጫ ስላጣ ብቻ ይቀበላል። የመምህራን የሙያ ብቃት ምዘና ሲጀመር አብዛኞቹ ተመዛኞች ማለፊያ አለማግኘታቸው የሚያሳየው፣ ምዘናው ከቅጥር በፊት በር ላይ መቆም ሲገባው ከቅጥር በኋላ መምጣቱን ነው።

ሦስተኛው፣ ያሉትን ማሠልጠን ይበቃል የሚለው ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራንንና የትምህርት ቤት አመራሮችን በዩኒቨርሲቲዎች ማሠልጠኑ የሚደገፍ ሥራ ነው፤ 700 ሺህ ሰው በአንድ ሌሊት አይተካም፣ መተካትም የለበትም። ይሁን እንጂ የጥቂት ሳምንት ክረምት የ12 ዓመት ጉድለት አይሞላም፤ ሥልጠናው በዘላቂነት ፍሬ የሚያፈራው በየዓመቱ የሚጨመረው አዲስ መምህር ከቀድሞው ጠንክሮ ሲገባ ነው። ካልሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ያንኑ ጉድለት እንደገና ስንሞላ እንኖራለን።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ነጥብ ከፍ ሲል አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና የአርብቶ አደር ወረዳዎች ከአካባቢያቸው ልጅ መምህር ያጣሉ፤ ሴቶችም ይቀንሳሉ። አንድም ተማሪ ባላሳለፈ ትምህርት ቤት ወረዳ ውስጥ ማለፊያ ያለው እጩ ከየት ይመጣል? ለዚህ መልሱ ወለሉን ማውረድ አይመስለኝም፤ እጩውን ወደ ወለሉ ማድረስ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ ከራሱ ልጆች የተሻሉትን፣ ግማሾቹን ሴቶች አድርጎ ይምረጥ፤ ኮሌጅ ከመግባታቸው በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በቋንቋ፣ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ይዘጋጁ፤ ከዚያ ተመዝነው ይግቡ። ዩኒቨርሲቲዎች ማለፊያ ላላገኙ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት መስጠት ከጀመሩ ወዲህ አሠራሩ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። ለአካውንታንት የሚፈቀድ የማካካሻ ዓመት ለመምህር የማይፈቀድበት ምክንያት የለም። የድኻ ወረዳ ልጅ ደካማ መምህር ይበቃዋል ማለት ፍትሕ አይሆንም።

ገንዘቡና ቅደም ተከተሉ

አምስተኛው መከራከሪያ ገንዘብ ነው፤ በእሱ ላይ በግልጽ መነጋገር ይገባል። የ700 ሺህ መምህራንን ደመወዝ በአንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግ አገሪቱ አትችልም። ሩዋንዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የመጀመሪያ ደረጃ መምህራኗን ደመወዝ 88 ከመቶ ስትጨምር እጅግ ያነሰ የመምህር ቁጥር ይዛ ነው። ዩኔስኮ ዓለም በዚሁ አቆጣጠር እስከ 2030 ድረስ 44 ሚሊዮን መምህራን እንደሚያስፈልጓት፣ ከእነዚህም 15 ሚሊዮኑ ከሰሐራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች እንደሆኑ ሲያሳውቅ፣ ለዚያ የሚውለው ገንዘብ ከየትኛውም ወገን በቀላሉ እንደማይገኝ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይደለም፤ ያለው ገንዘብ የት ቢገባ ከሁሉ በላይ ይሠራል ነው።

በእኔ እምነት መጀመሪያ የሚገባው በምልመላው ላይ ነው። በየዓመቱ ከአላፊዎቹ 5 ሺህ፣ በ2017 ዓ.ም. ውጤት ቢሰላ ከዐሥሩ አንዱ ገደማ፣ ገና ውጤት እንደተለቀቀ ለመምህርነት ይጠራ። በሥልጠናው ዘመን ሙሉ የኑሮ ወጪው ይሸፈን፤ ሲመረቅ ቅጥሩ በስሙ የተያዘ ይሁን፤ በምላሹ የተወሰነ ዓመት ለማገልገል ውል ይፈርም። ሁለት ቦታ ይቅደሙ፦ ንባብ የሚጀመርባቸው ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል፣ እና ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ። የታችኛው ክፍል ዛሬ በልማድ ለአዲሱና ለደካማው ይሰጣል፤ ይህ መገልበጥ አለበት፤ ከሁሉ ጠንካራው መምህር ፊደል የሚያስቆጥረው ይሁን፤ በደረጃ ዕድገትም ይካስበት። 5 ሺህ ከሚያስፈልጉት 28 ሺህ አንጻር ጥቂት ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን በዐሥር ዓመት 50 ሺህ ይሆናል፤ 50 ሺህ ጠንካራ መምህር በየትምህርት ቤቱ ቢደለደል ሌላውን የሚረዳ፣ አዲሱን የሚያለማምድ፣ የትምህርት ክፍሉን የሚመራ ሰው ማለት ነው። የእነዚህ መምህራን ተማሪዎች ለፈተና ሲደርሱ ደግሞ መምህር የሚመረጥበት ሕዝብ ራሱ ይሰፋል፤ አዙሪቱ የሚሰበረው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮች አብረው ካልሄዱ ጥሪው ሰሚ አያገኝም። አንደኛው ደመወዝ በወሩ ቀን እንዲደርስ በሕግ መጠበቅ ነው፤ የመምህራን ደመወዝ ወረዳው ለማዳበሪያ ዕዳም ሆነ ለሌላ ጉዳይ የሚነካው ገንዘብ መሆን የለበትም። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፣ ሥርዓት እንጂ። ሁለተኛው የፍላጎት ትንበያ ነው፤ እያንዳንዱ ክልል በትምህርት ዓይነት፣ በቋንቋና በወረዳ ለይቶ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ስንት መምህር እንደሚጎድለው በየዓመቱ በይፋ ያውጣ፤ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎችም ቅበላቸውን ከዚያ ጋር ያስተካክሉ። ሩቅ ወረዳ ለሚሄደው ደግሞ ከበረሃ አበል በተጨማሪ ማደሪያ ቤትና በውል የታወቀ የዝውውር ጊዜ ይሰጠው። መመለሻውን የሚያውቅ ሰው ለመሄድ አይፈራም።

የክልል ምክር ቤቶች በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ በጀት ሲያጸድቁ የትምህርት ድርሻው ትልቁ መሆኑ ይነገራል፤ እውነትም ነው፤ አብዛኛው ግን ላለው ሠራተኛ ደመወዝ የሚሄድ ነው። ማንን እንደምንቀጥር የሚወስን አንድ የበጀት መስመር በዚያ ሰነድ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የምክር ቤት አባላት፣ የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎችና የመምህራን ማኅበሩ በመጪው በጀት ላይ ሊከራከሩበት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከዘንድሮ ጎበዝ ተማሪዎች ስንቶቹን ለመምህርነት ጠራን? ለመጥራትስ ምን ያህል መደብን? መልሱ በቁጥር ካልተቀመጠ፣ የመማሪያ መጽሐፉም ሥርዓተ ትምህርቱም ቢታደስ፣ ሁሉም በመጨረሻ የሚያርፈው ማንም አስቦ ባልመረጠው መምህር እጅ ላይ ነው።